የጦር ካርታ የማን ነው? ከመቅደላ እስከ ደሴ የተሣሉ ካርታዎች የእጅ ታሪክ

በየካቲት 2016 ዓ.ም. በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ ለጨረታ ሊቀርብ የነበረ ጋሻ ከሽያጭ ወጣ። በጋሻው ላይ የመቅደላ ስምና እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 1868 የሚለው ዕለት ተቀርጾበታል። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉበት፣ አምባውም የተሰበረበት ቀን። ኢትዮጵያ ንብረቴ ነው አለች፣ ጨረታው ቀረ፣ ጋሻውም ከወራት በኋላ አገሩ ገባ። በ2013 ዓ.ም. በዚያው አገር ዶርሴት ውስጥ ለሽያጭ ወጥተው የነበሩ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎችም እንዲሁ ከጨረታ ተነሥተው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

የመቅደላ ካርታዎች ግን በዚሁ ገበያ ያለ ጠያቂ ይሸጣሉ። ከዙላ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በአሸንጌ፣ በዋድላና በደላንታ አልፎ በሽሎን የሚሻገረው መንገድ የተሣለባቸው፣ ታጥፈው በኮርቻ ከረጢት እንዲያዙ ጨርቅ ላይ የተለጠፉ ወረቀቶች በኢንተርኔት ይጫረታሉ። ከእነርሱ ቀጥሎ ጣሊያኖች በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ያተሟቸው የወልዲያ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ካርታዎች ይመጣሉ። ደላንታ ወይም ተንታ ተወልዶ ያደገ ሰው የመንደሩን ስም እንግሊዝ አገር በሚሸጥ ካርታ ላይ ሲያነብ ደሙ ቢፈላ አይፈረድበትም። «ይህም የተዘረፈ አይደለም ወይ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው።

መልሱን ግን በጥንቃቄ መስጠት አለብን። እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ አብዛኛው የጦር ካርታ ወረቀቱ የተዘረፈ አይደለም። ወራሪው ራሱ ይዞት መጣ፣ ራሱ ሣለው፣ ራሱ አተመው። ከወሎ የተወሰደው በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ዕውቀት ነው። ወረቀቱን እንደ ታቦቱና እንደ ብራናው «መልሱ» ብንል ክርክሩን እንሸነፋለን፣ ከዚያም የባሰው የእውነተኛው ዝርፊያ ክስ ይዳከማል። ዕውቀቱን ግን ልንጠይቅ እንችላለን፤ ጥያቄውም ሕንድና እንግሊዝ አገር ሳይደርስ አዲስ አበባ ላይ ይጀምራል።

ከመድፉ በፊት የመጣው ማስታወሻ

መቅደላን የወረረው የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ 13,000 የሚጠጋ ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ ከመነሣቱ በፊት፣ በ1867 እ.ኤ.አ. ለንደን ያለው የጦር ሚኒስቴር የካርታ ክፍል ሥራ ላይ ነበር። ስለ ኢትዮጵያ የጻፉ መንገደኞችን ማስታወሻ ሰብስቦ፣ ከየትኛው ወንዝ እስከ የትኛው ገበያ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ፣ ውሃና ገለባ የት እንደሚገኝ አንድ ላይ አቀናበረ። ያን ጊዜ የወሎን ደጋ በእግሩ አልፎ የጻፈ አውሮፓዊ ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዱ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ነው። ክራፕፍ በ1842 እ.ኤ.አ. ከሸዋ ወጥቶ ወደ ምጽዋ ሲጓዝ ወሎ ላይ ተይዞ ንብረቱን ተዘርፏል፤ የጉዞ ማስታወሻውም በዓመቱ ለንደን ላይ ታተመ። ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ ይኸው ሰው ከናፒየር ጦር ጋር በአስተርጓሚነት ተመልሶ መጣ፤ ጤናው ስለታወከ ግን ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ወንጌል ልስበክ ብሎ የሄደ ሰው የቀዳው የወንዝና የመንደር ስም ለዘመቻ ሲውል ማየት ያሳዝናል። ካርታ ደግሞ ዘወትር እንዲህ ነው፤ ለአንዱ ጉዳይ የተጻፈው ለሌላው ይውላል።

ጦሩ ከባሕር ሲነሣ ከሕንድ የታላቁ የቅየሳ ድርጅት የመጡ ቀያሾች አብረውት ተጓዙ። ቀያሽ ኮረብታ ላይ ወጥቶ በቴዎዶላይት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ማዕዘን ይለካል። ሁለት ማዕዘንና አንድ የታወቀ ርቀት ካገኘ የሦስተኛውን ነጥብ ቦታ ሳይሄድበት በስሌት ያገኘዋል። ከፍታውን በአየር ግፊትና ውሃ በሚፈላበት ሙቀት ይገምታል። ጦሩ ከደላንታ ሜዳ ወደ በሽሎ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ወደ መቅደላ ሲወጣ፣ ይህ ልኬት ለመድፍ ጫኞችና ለበቅሎ ነጂዎች የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ቴዎዶላይት ማዕዘን ይለካል እንጂ የጋራውን ስም አይናገርም። የየወንዙን ስም፣ መሻገሪያው የት እንደሆነ፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ ለቀያሹ የነገረው የአገሩ ሰው ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ መንገድ መሪዎቹ፣ እህልና ገለባ ሻጮቹ፣ አስተርጓሚዎቹ የካርታው ግማሽ ናቸው። በካርታው ኅዳግ ላይ የታተመው ግን የመኮንኑና የማተሚያ ቤቱ ስም ብቻ ነው። ፖለቲካውም እንዲሁ። የወሎ ባላባቶች የነበሩት ወይዘሮ ወርቂቱና ወይዘሮ መስተዋት ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር የደም ቂም ነበራቸው፤ የወርቂቱ ልጅ በመቅደላ የተገደለው ምኒልክ ከአምባው ባመለጡ ጊዜ ነው። ናፒየር የማምለጫውን በር እንዲዘጋለት ወደ መስተዋት ላከ። አምባው ከተያዘ በኋላም ሁለቱም ሴቶች «መቅደላ የእኔ ነው» ብለው ቀርበው ነበር። ካርታው የአምባውን ገደል ልቅም አድርጎ ያሳያል። ንጉሡን ከየአቅጣጫው የከበቧቸውን ሰዎች ግን አያሳይም፤ ያለ እነርሱ ደግሞ የዚያን ዘመቻ ነገር ማንም ሊረዳው አይችልም።

ሁልጊዜ ከንክኖኝ የሚኖር አንድ ነገር አለ። ከዋድላ ጀምሮ በጅዳ ሸለቆ ወርዶ፣ ደላንታን አቋርጦ ወደ በሽሎ የሚያወርደው መንገድ በእንግሊዞቹ ካርታ ላይ ደማቅ መስመር ሆኖ ይታያል። ያ መንገድ የእንግሊዝ ሥራ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማስጎተት ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ ገደል እየቆረጡ ያሠሩት ነው። ናፒየር ዋድላ ላይ ሲደርስ የተሠራ መንገድ ጠበቀው፤ ዝሆኖቹና መድፎቹ የወረዱት በእርሱ ነው። ንጉሡ ለራሳቸው መድፍ የጠረጉት መንገድ የጠላት መድፍ አመጣባቸው። ካርታ ሻጮች «የብሪታንያ መሐንዲሶች አስደናቂ ሥራ» ብለው ሲያስተዋውቁ፣ በዚያ ወረቀት ላይ ከተሣሉት የመንገድ ሥራዎች ከባዱ የኢትዮጵያውያን የእጅ ሥራ መሆኑን አንድም ቀን አይጽፉም። ለእኔ የመጀመሪያው እርማት ይህ ነው፤ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ዝርፊያው የቱ ጋ ነው?

መቅደላ በወደቀ በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን 1860 ዓ.ም. ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ተደረገ። የተዘረፈውን ዕቃ ያጓጓዙት 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ናቸው። የብሪታንያ ሙዚየም ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው ገንዘብ አስይዞ ልኮ ነበርና ጥሩ ጥሩውን እርሱ ገዛ። ሽያጩ 5,000 ፓውንድ ገደማ አስገኘ፤ ለተራው ወታደር የደረሰው ከአራት ብር ትንሽ የሚበልጥ ነበር። ንጉሡ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ካሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ የብሪታንያ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ይህ ያለ ጥርጥር ዝርፊያ ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ሳይቀሩ በ1871 እ.ኤ.አ. በፓርላማ ቆመው ዘውዱና ጽዋው መወሰዳቸውን እንደሚያዝኑበት ተናግረዋል።

የዘመቻው ካርታ ግን በዚያ ጨረታ አልተሸጠም። ቀያሾቹ የሣሉት ወደ መሥሪያ ቤታቸው ሄደ፤ በ1870 እ.ኤ.አ. ከዘመቻው ይፋዊ መዝገብ ጋር ታተመ። ዛሬ በገበያ ከሚገኘው የሚበዛው ከዚያ መዝገብ ወይም በጊዜው ከነበሩ ጋዜጦች የተቀደደ ገጽ ነው። ጥራዙን ገንጥሎ ካርታውን በነጠላ መሸጥ የበለጠ ያተርፋል። የቀረው ወታደሮች በግላቸው ይዘውት የኖሩት፣ ልጅ ከአባት እየወረሰው የመጣ ቅጂ ነው። የእጅ ታሪኩ፣ ማለትም ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት ታሪክ፣ የሚጀምረው ለንደን ወይም ሕንድ ላይ ነው፣ መቅደላ ላይ አይደለም። ሰነዱን ፍርድ ቤት ብናቀርብ ማንም ዳኛ አይፈርድልንም።

ታዲያ ምን ላይ እንጩኽ? የእጅ ጽሑፍ የሆነ፣ በግእዝ ወይም በአማርኛ የተጻፈበት፣ ከቤተ መንግሥቱ ወይም ከመድኃኔ ዓለም ዕቃ ቤት የወጣ ሥዕል፣ የመሬት ግብር ዝርዝር፣ የድንበር ማስታወሻ፣ ደብዳቤ ከታየ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ከካርታዎቹ ጋር ተጠቅልሎ በጨረታ እንደ አንድ ዕቃ ሊሸጥ ይችላል። ዓይን ማረፍ ያለበት እርሱ ላይ ነው። በሌላው ሁሉ ላይ በተጮኸ ቁጥር የሚከሰተውን ገበያው ያውቀዋል፦ «መቅደላ» የሚለው ስም ዋጋ ይጨምራል፣ ነጋዴውም ከዘመቻው ጋር ምንም ያልተያያዘ ወረቀት ላይ ያን ስም መለጠፍ ይጀምራል።

ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን እንዲህ ያለ ካርታ ገዝተው ቤታቸው ይሰቅላሉ፤ መልካም ነው። ግን ከመግዛታቸው በፊት የወረቀቱን ጀርባ ይመልከቱ። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ተፍቆ ይሆን? ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል? አሜሪካ ውስጥ ፎርብስ ስማይሊ የሚባል የካርታ ነጋዴ በ1997 ዓ.ም. የየል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ምላጭ ጥሎ ተያዘ፤ ኋላም ከተለያዩ ቤተ መጻሕፍት 97 ካርታ መስረቁን አምኗል። ከጦርነት የተረፈ ካርታ በሰላም ጊዜም ይሰረቃል።

ከሰማይ የተነሣው አገር

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ቀይ መስቀል የተሣለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታልም ተመታ። የዚያን ዘመን ነገር ስናወራ ቦንቡንና የመርዝ ጋዙን እናነሣለን። ካሜራውን ግን እንረሳዋለን፤ በዚያ ጦርነት ካሜራውም መሣሪያ ነበር።

የፍሎረንሱ የጣሊያን ጦር ጂኦግራፊ ተቋም ኢትዮጵያን በእነዚያ ዓመታት ከአየር ላይ አነሣት። አብራሪዎቹ መንገዳቸውን የሚፈልጉት በ1934 እ.ኤ.አ. በተዘጋጀ ባለ 1፡400,000 ስኬል ካርታ ነው። በዚህ ስኬል አንድ ሳንቲ ሜትር 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደሴ ከጥፍር አትበልጥም፣ ጦሳ ተራራ ጥቂት ጭረት ነው። ወርደው የሚያነሡት ፎቶ ግን ሌላ ነው። ኢንጂነር ሳንቶኒ የሠራው ካሜራ በመስታወት ፕሌት ላይ በአንድ ጊዜ አራት ፎቶ ያነሣል፦ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ በትንሹ ዘንበል ብለው፣ አራተኛው አድማሱ ድረስ ርቆ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 እስከ 4,500 ሜትር ከፍታ ላይ እየበረሩ የተነሡት ቀጥተኛ ፎቶዎች ስኬላቸው 1፡11,500 ገደማ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር 115 ሜትር ማለት ነው። ጎጆው ይቆጠራል፤ የእርሻው ድንበር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደን፣ የበቅሎው መንገድ ይታያል። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር 60 በመቶ ያህል ስለሚደራረብ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በልዩ መነጽር የሚያይ ሰው ገደሉንና ሸለቆውን ከወረቀቱ ተነሥቶ ያየዋል።

ከእነዚህ በረራዎች ከፊሎቹ ጦሩ ወደ ደቡብ ከመግፋቱ በፊት የተደረጉ ናቸው። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ የሚያፈገፍገው ሠራዊት አሸንጌ ዳር ከአየር ተጨፈጨፈ። ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ተያዘች። ሚያዝያ 18 ቀን የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ መኪኖቹን አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ያን ግስጋሴ የወሎ መንገድ ተሸከመው። የወሎ ሰው ተኝቶ ሳለ ሰማይ ላይ ሆኖ እርሻውን፣ መሻገሪያውን፣ ጫካውን የሚቆጥር ነበረ ማለት ነው።

የእነዚህ ፎቶዎች የእጅ ታሪክ ግን ከሌላው ሁሉ የተለየ ነው። ጣሊያን ሲሸነፍ አዲስ አበባ ቀሩ። 50 በ20 ሳንቲ ሜትር በሚሆኑ ጠንካራ ሰሌዳዎች ላይ የተለጠፉ ከ8,000 በላይ የፎቶ ስብስቦች በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ለአሥርት ዓመታት ሳይነኩ ከኖሩ በኋላ፣ የኢትዮጵያና የቤልጂየም ጂኦግራፊ ተመራማሪዎች አገኟቸው፤ ለዩአቸው፣ በዲጂታል ቀዱአቸው፣ የሳይንስ ጽሑፍም ጻፉባቸው። ድርጅቱ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ስለዚህ ከወሎ ጋር ከተያያዙት የጦርነት ካርታና ፎቶዎች ሁሉ ትልቁ ሀብት ሮም የለም፣ ለንደንም የለም። እዚሁ ነው፤ ለመመለሱ ከማንም ጋር መከራከር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ወሎ ላይ ያለ ተማሪ ሊያየው መቻሉ ነው።

ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ መሐንዲሶች በዘመቻው መንገድ ላይ ያነሡትን ፎቶ እናስታውስ። ተመራማሪዎች ከ140 ዓመት በኋላ የፎቶ አንሺዎቹን መቆሚያ ፈልገው አግኝተው ያንኑ ቦታ ደግመው አነሡት። ሁለቱን ሲያነጻጽሩ ብዙው ተዳፋት ድሮም የተራቆተ እንደነበረ፣ ዛሬ ዛፉና እርከኑ በብዙ ቦታ እንደተሻለ አዩ። «ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶዋ ደን ነበር፣ ገበሬው ጨረሰው» የሚለውን በየስብሰባው የምንሰማውን ወሬ በጽኑ የሚፈትን ማስረጃ ነው። በእኛ አገር ገበሬ ላይ ስንት ፖሊሲ በዚያ ወሬ ተጭኗል! ወራሪ ለጦርነት ያነሣው ፎቶ ለገበሬው ምስክር ሆኖ ቆመ። የ1928ቱ የአየር ፎቶዎች ደግሞ በመካከል ያለውን ዘመን ይሞላሉ። በአምባሰልና በየጁ፣ በደላንታና በቃሉ የትኛው ተራራ መቼ ተራቆተ፣ የትኛው ምንጭ የት ነበር የሚለው ጥያቄ በግምት የሚመለስበት ምክንያት የለም።

የተማረከ ካርታ

ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ባዶሊዮ ከደሴ በተነሣ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በኮምቦልቻ በኩል ተዋግቶ ከአርበኞቻችን ጋር ደሴ ገባ። የተማረከ የጦር ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ የካርታ ሣጥን ነው። የጠላት ካርታ ይታያል፣ ይገለበጣል፣ ማኅተም ተመቶበት ለራስ ጦር ይታደላል። በዚህ ምክንያት በ1933ቱ የእንግሊዝ ጦር ሰነዶች ውስጥ የወሎ ከተሞች ስም በጣሊያኖች አጻጻፍ ሰፍሮ ይገኛል፤ ኮምቦልቻ በደቡብ አፍሪካ የጦር ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚጻፈው ጣሊያኖች በጻፉት ፊደል ነው። አንድ ካርታ የእንግሊዝ ጦር ስም ታትሞበት የመንደሮቹ ስም በጣሊያንኛ ከተጻፈ፣ ያ የተማረከ ዕውቀት ነው።

ይህ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሁሉ ባሕርይ ነበር። በ1945 እ.ኤ.አ. ሜጀር ፍሎይድ ሃው የሚመራው የአሜሪካኖች ቡድን ጀርመን ውስጥ ዛልፌልድ ከተማ ላይ የናዚን ጦር የቅየሳ መዛግብት በገፍ ይዞ ወሰደ፤ ከጦርነቱ በኋላ አውሮፓን በአንድ የቅየሳ መረብ ለማያያዝ ከጠቀሙት አንዱ ያ መረጃ ነው። የአሜሪካ ጦር የካርታ አገልግሎትም ትርፍ ቅጂዎችን፣ የተማረኩትንም ጨምሮ፣ ለየዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አደለ። ዛሬ ጨረታ ላይ የሚወጣ የጦር ካርታ ላይ የሁለትና የሦስት ተቋም ማኅተም ተደራርቦ የሚታየው ስለዚህ ነው። ማኅተሞቹ ወረቀቱን አያበላሹትም፤ ታሪኩ እነርሱ ናቸው። ፍቆ ያጠፋ ሰው ዋጋ የጨመረ ይመስለዋል እንጂ ምስክሩን ነው የገደለው።

ሶቪየቶችም አልቀሩም። የጦር ኃይላቸው ጠቅላይ መምሪያ ኢትዮጵያን በባለ 1፡200,000 ስኬል ሣላት። በእነርሱ አከፋፈል ደሴና ወልዲያ ሲ-37፣ ከ12 ዲግሪ ኬክሮስ በጥቂቱ አለፍ ያለችው ላሊበላ ደግሞ ዲ-37 ውስጥ ይወድቃሉ። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ምስጢር የነበሩት እነዚህ ካርታዎች በኪሎ ተሸጡ፤ ዛሬ ማንም በስልኩ ያያቸዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1907 እ.ኤ.አ. የሄግ ደንብ አንቀጽ 53 መሠረት አንድ ጦር የጠላት መንግሥት ንብረት የሆነና ለውጊያ የሚያገለግል ተንቀሳቃሽ ዕቃ መውሰድ ይችላል። ስለዚህ ደሴ ላይ ከጣሊያን መኮንን ጠረጴዛ የተወሰደ ካርታ ሕጋዊ ምርኮ ነው። አንቀጽ 56 ደግሞ የሃይማኖት፣ የበጎ አድራጎት፣ የትምህርት፣ የኪነ ጥበብና የሳይንስ ተቋማትን ንብረት መውሰድ ይከለክላል። በ1947 እ.ኤ.አ. ከጣሊያን ጋር የተፈረመው የሰላም ውል አንቀጽ 37 ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ የኪነ ጥበብ ሥራዎች፣ የሃይማኖት ዕቃዎች፣ የመዛግብት ክምችቶችና ታሪካዊ ዕቃዎች በ18 ወር ውስጥ እንዲመለሱ ያዛል። የአክሱም ሐውልት ግን የተመለሰው ውሉ ከተፈረመ ከሃምሳ ስምንት ዓመት በኋላ በ1997 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፣ አንቀጹ የሚለው የኢትዮጵያና የዜጎቿ ንብረት የነበረውን ነው። የጣሊያን ጦር ራሱ ያተመው የደሴ ካርታ በዚህ አይሸፈንም። ከአንድ የወሎ ባላባት ቤት ወይም ከአልጋ ወራሽ ግቢ የተወሰደ የመሬት መዝገብ ግን ይሸፈናል። ጠበቆቻችንና ዲፕሎማቶቻችን ይህን ልዩነት አስቀድመው ይዘው ቢገቡ ክርክሩ ይጠነክራል።

በአገር ውስጥ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በተንቀሳቃሽ ቅርስ ውስጥ የጽሑፍና የፎቶ ሰነዶችን ያካትታል። አያቱ ከአርበኝነት ሲመለሱ ይዘውት የመጡት የጣሊያን ካርታ በሣጥኑ ያለ ሰው ቅርስ ይዞ ሊሆን ይችላል። ያለ ፈቃድ ከአገር ሊያወጣው አይችልም።

ወሎ ላይ ምን ይደረግ?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የወሎ ዩኒቨርሲቲና ሌሎች የሕዝብ ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ኮምፒዩተሩና ወንበሩ ይተካል፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰነድ አይተካም። ስለዚህ «ዋናው ይምጣልን» ከማለት በፊት ሁለትና ሦስት ቦታ የሚቀመጥ ቅጂ ይቅደም እላለሁ። ደሴ ላይ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ቱሉ አውሊያ ላይ፣ አንዱም ከክልሉ ውጭ። ለአገር ወዳድ ይህ ማነስ ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን ለንደን ያለው የመቅደላ ካርታ ጥራቱ የተጠበቀ ዲጂታል ቅጂው ያለ ክፍያ እንዲሰጠን መጠየቅ፣ እምቢ የሚልበት ምክንያት የሌለው፣ ዛሬውኑ ሊሳካ የሚችል ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ታቦቱና ብራናው ላይ ያለን ክርክር ከዚህ ተለይቶ ሳይላላ ይቀጥላል።

በየቤቱ ላለው ወረቀት ደግሞ ጥቂት ነገር ላንሣ። የቆየ ካርታ የተቀደደበትን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው በዓመታት ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ላሚኔት አታስደርጉ፤ አንዴ ከተደረገ አይላቀቅም። ከብዕር ይልቅ በእርሳስ፣ ከፊት ይልቅ በሌላ ወረቀት ላይ፣ ማን ከማን እንዳገኘው፣ በየትኛው ዘመቻ፣ በየትኛው ቀበሌ እንደነበር ጻፉ። አያቱ በሕይወት ያሉ ሰው ዛሬ ይጠይቃቸው። የካርታውን ፊትም ጀርባውንም ፎቶ አንሡት፤ እጥፋቱና በእርሳስ የተጻፈው ምልክት ሳይቀር ይታይ። ከዚያ በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ።

የአየር ፎቶ ሰሌዳዎቹን የያዘው ኢንስቲትዩት ደግሞ አንድ ነገር ቢያደርግ ብዙው ይቃለላል፦ ከ8,000ው ሰሌዳ ውስጥ የትኞቹ የወሎን መሬት እንደሚያሳዩ በወረዳ በወረዳ ለይቶ ዝርዝሩን ያውጣ። ሰሌዳዎቹ የበረራ መለያ አላቸው፤ ሥራው ከባድ አይደለም። ዝርዝሩ ላይ የዛሬ ቀበሌ ስም ከጣሊያኖቹ ስም ጎን ይጻፍ፤ የመንደሩን የድሮ ስም የሚያውቁ አዛውንቶች ደግሞ ስማቸውና ቀኑ ተጠቅሶ የመዝገቡ አካል ይሁኑ። የ1860ው ካርታ ቀያሹን ብቻ ጠቅሶ መንገድ መሪውን ዘሎታል፤ የዚህኛው መዝገብ አዘጋጆች ያን መድገም አይገባቸውም። የጂኦግራፊ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕስ ሲፈልጉ ከዚያ ዝርዝር አንድ ሰሌዳ መርጠው፣ ቦታው ድረስ ወርደው፣ ከገበሬው ጋር ቆመው መሬቱን ከፎቶው ጋር ያመሳክሩ።